በአንድ አፍ ውስጥ ሁለት ሕመም



በአፉላ የሚገኘው ሆስፒታል «ሃዔሜክ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ሸለቆው» ማለት ሲሆን ከተማዋ የተቆረቆረችበትን የኢይዝራኤልን ሸለቆ ያመለክታል። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1924 በዔን ሃሮድ ተመሥርቶ በ1930 ወደ አፉላ ተዛወረ። በዚያ ዘመን ሸለቆው ረግረግ የበዛበት ስለ ነበረ የሰፋሪዎቹ ዋነኛ ጠላት ወባ ነበር። ዛሬ ወባው ከአገሩ ጠፍቶአል። በአፉላ የሚሠሩ ሐኪሞች በዚህ አካባቢ የተለመዱትን ሕመሞች ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ እርስዎ ከጎንደር ደጋ፣ ከሁመራና ከመተማ ቆላ፣ ወይም በሱዳን በኩል ካለፉበት መንገድ ይዘውት ሊመጡ የሚችሉትን ሕመም ግን ካልነገሩአቸው በቀር በቀላሉ ሊጠረጥሩት አይችሉም።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ስለሚታዩ ሁለት ዓይነት ሕመሞች ነው። አንዱ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰው አካል ውስጥ ተጠግተው በሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጣ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ አንደኛው በዐይን ይታያል፣ ሌላው ይሸሸጋል። ለሚታየው መድኃኒት ተሰጥቶ ሰው ሁሉ «ዳነ» ሲል፣ የተሸሸገው ሥራውን ይቀጥላል። አንዳንድ ጊዜም ለአንዱ የተሰጠው መድኃኒት ለሌላው ምቹ ሁኔታ ይፈጥርለታል።

ስለ አንዲት ቃል

ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት አንዲት ትንሽ ቃል ማወቅ ይጠቅምዎታል። በአማርኛ «አፍ» የምንለውን ዕብራይስጥ «ፔ» ይለዋል። በዕብራይስጥ «አፍ» ማለት አፍንጫ ነው። ስለዚህ ገና ቋንቋውን ያልለመደ ሰው በጣቱ ወደ ፊቱ እያመለከተ «አፍ፣ አፍ» ቢል፣ ሐኪሙ አፍንጫውን በመብራት ማየት ይጀምራል፤ የታመመው አፍም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በሆስፒታሉ በር ላይ «አፍ፣ ኦዜን፣ ጋሮን» የሚል ጽሑፍ ቢያነቡ የአፍንጫ፣ የጆሮና የጉሮሮ ሕክምና ክፍል ማለት መሆኑን ይወቁ። የቀሩት ቃላት ብዙም አያስቸግሩም። ደም «ዳም»፣ ጉሮሮ «ጋሮን»፣ ምላስ «ላሾን»፣ ትል «ቶላዓት»፣ አልቅት «ዓሉቃ» ይባላሉና፣ የሁለቱን ቋንቋዎች ዝምድና ያለ አስተማሪ ይረዱታል።

ነጩ ሽፋን

በምላስ፣ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽና በላንቃ ላይ የሚታየው፣ የረጋ ወተት የሚመስለው ነጭ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ «ካንዲዳ» በተባለ ፈንገስ ምክንያት የሚመጣ ነው። ፈንገስ እንጀራ ላይ ከሚወጣው ሻጋታና ሊጥ ከሚያቦካው እርሾ ወገን የሆነ ሕያው ነገር ነው፤ በዕብራይስጥ «ፒትሪያ» ይባላል። ካንዲዳ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና የሰውነት የመከላከያ ኃይል እንዳይበዛ ይገቱታል። እነዚህ ጠባቂዎች ሲዳከሙ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይባዛል።

የሚዳከሙባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ጎጂዎቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል ጠቃሚዎቹንም አብሮ ስለሚገድል ለፈንገሱ ቦታ ይለቅለታል። የስኳር በሽታ ያለበት፣ ሌሊት ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳያወልቅ የሚተኛ፣ ምራቁ የሚደርቅበት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውም በቀላሉ ይያዛል። አስም ያለባቸው ሰዎች በሚስቡት መድኃኒት፣ በዕብራይስጥ «ማሽኤፍ» በሚባለው፣ ምክንያት የሚያዙ አሉ። በብዙዎቹ ማሽኤፎች ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ስላለ፣ የተረፈው በአፍ ውስጥ ሲቀር የቦታውን መከላከያ ያዳክማል። ስለሆነም ከሳቡ በኋላ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ ፋርማሲው የሚሰጠውን ረዘም ያለ ማስተላለፊያ ዕቃም ይጠቀሙ። ሽፋኑን ፈርተው ማሽኤፉን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። አስም የሚገድል ሕመም ነው፤ የአፍ ፈንገስ ግን በቀላሉ የሚድን ነው።

በሕፃናት ላይ ነጩ ሽፋን የተለመደ ነው፤ እናቶችም ከወተት ትራፊ ጋር ያምታቱታል። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ በቀስታ ሲነኩት የወተት ትራፊ ወዲያው ይለቃል። ፈንገስ ከሆነ ግን አይለቅም፤ ቢለቅም ሥሩ ቀልቶ ይደማል። ጨርቁን በጣት ጠቅልሎ እስኪደማ መፈግፈግ፣ ወይም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት መቀባት ቁስሉን ከማስፋት በቀር የሚያመጣው ፈውስ የለም። ልጅዎን ወደ «ቲፓት ሃላቭ» ወይም ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱ። አዘውትሮ የሚታዘዘው «ኒስታቲን» የተባለ ጠብታ ነው፤ ልጁ ከጠባ በኋላ በአፉ ውስጥ ይደረጋል፣ ሽፋኑ ከጠፋም በኋላ ሐኪሙ እስከ ነገረዎት ቀን ድረስ ይቀጥላል። የእናቲቱም ጡት ጫፍ ቀልቶ የሚያቃጥላት ከሆነ ለእርስዋም መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ አለበለዚያ ፈንገሱ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት እየተመላለሰ አይጠፋም። የጡጦውን ጫፍ በየቀኑ ይቀቅሉት። ማጥባትዎን አያቋርጡ። እንደ ማር የሚዝለገለገውን የአፍ መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ ለጨቅላ ሕፃን አይስጡ፤ ጉሮሮውን ሊዘጋበት ይችላልና።

ጨቅላ ሕፃን ባልሆነ፣ አንቲባዮቲክም ሆነ ማሽኤፍ ባልተጠቀመ ጎልማሳ ላይ ነጭ ሽፋን ያለ ምክንያት ሲታይ፣ ወይም ሲውጥ ደረቱ ውስጥ የሚያመው ከሆነ፣ ሐኪሙ ሽፋኑን ብቻ አክሞ እንዲያሰናብተው አይፍቀዱ። የመከላከያ ኃይሉ ለምን እንደ ተዳከመ መጠየቅ አለበት።

አልቅት

ከኢትዮጵያ ገጠር የመጣ ሰው አልቅትን ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያውቃታል፤ ከብት ሲያግድ በከብቶቹ አፍ ውስጥ ተጣብቃ አይቶአታልና። በሰው ጉሮሮ የምትገባው አልቅት በሳይንስ ስምዋ «ሊምናቲስ ኒሎቲካ» ትባላለች። ገና ትንሽ ሳለች እንደ ክር የቀጠነች ስለ ሆነች ከምንጭና ከወራጅ ውኃ ጋር ሳትታይ ትዋጣለች። በአፍንጫ ጀርባ፣ በጉሮሮ ወይም በድምፅ ሳጥን ላይ ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። ምልክቶቹ ቀይ ደም መትፋት፣ የአፍንጫ መድማት፣ የድምፅ መጎርነን፣ በጉሮሮ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ መሰማት፣ እየቆየም የደም ማነስና ድካም ናቸው።

እንግዲህ ስለ ሁለት ሕመም ያልነው በዚህ ላይ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ታማሚው «ጉሮሮዬን ያመኛል» ይላል። ሐኪሙ ጉሮሮው ቀልቶ ያያል፤ የውኃውንም ነገር ስላልሰማ አንቲባዮቲክ ያዝዛል። አልቅቷ በአንቲባዮቲክ አትነቀልም፤ ፈንገሱ ግን ምቹ ጊዜ አግኝቶ ይበቅላል። ከሳምንት በኋላ ነጭ ሽፋን ይታያል፣ ለእርሱም ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ደሙ ግን አልቆመም። «ከመምጣቴ በፊት የምንጭ ውኃ እጠጣ ነበር» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ታስቀር ነበር።

አልቅት ለማስለቀቅ ትምባሆ የተዘፈዘፈበት ውኃ፣ ጨው ወይም ሆምጣጤ ወደ ጉሮሮ ማስገባት በአገር ቤት የታወቀ ዘዴ ነው። ለከብት ይጠቅም ይሆናል፤ ለሰው ግን አደገኛ ነው። አልቅቷ በድንገት ስትለቅ ወደ አየር ቧንቧ ወድቃ ትንፋሽ ልትዘጋ ትችላለች። በሆስፒታል የጉሮሮ ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ፣ በመብራትና በመቆንጠጫ ያወጣታል። ይህች አልቅት በዚህ አገር ምንጮችም የምትገኝ ስለ ሆነች፣ ከቤተሰብ ጋር ወደ ጊልቦዓ ተራራ ወይም ወደ ገሊላ ለሽርሽር ሲወጡ ከምንጭ አይጠጡ፤ ልጆችም አፋቸውን በውኃው ላይ ደፍተው እንዳይጠጡ ይከልክሉ።

ቁንጭር በከንፈርና በአፍንጫ ላይ

ቁንጭር በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች በፊት ላይ የሚወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚሰፋ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት የማይድን ቁስል ነው። የሚያመጣው «ሌሽማንያ» የተባለ በዐይን የማይታይ ጥገኛ ሕዋስ ሲሆን፣ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው ታስተላልፈዋለች። ሽኮኮ በኢትዮጵያ ገደል ውስጥ እንደሚኖር ሁሉ፣ በዕብራይስጥ «ሻፋን» ተብሎ በጥብርያዶስ ዙሪያና በሌሎች የሰሜን እስራኤል ድንጋያማ ስፍራዎችም ይኖራል፤ በዚያም የዚሁ ሕመም ዘመድ የሆነ ሌላ ዓይነት ይሸከማል። በእስራኤል ሕመሙ «ሾሻናት የሪሖ»፣ ማለትም የኢያሪኮ ጽጌረዳ ይባላል። እንዲህ ያማረ ስም ለእንዲህ ያለ ቁስል መሰጠቱ ያስገርማል።

በኢትዮጵያው ዓይነት አንዳንድ ሰዎች ላይ ቁስሉ በቆዳ ብቻ አይወሰንም፤ ወደ ከንፈር፣ ወደ አፍንጫ ውስጥና ወደ አፍ ያልፋል። ከንፈር ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደፈናል፣ ይደማል። በዚህ በተከፈተና እርጥበት ባለው ቁስል ላይ ፈንገስና ባክቴሪያ ይጨመሩበታል። የላይኛውን ነጭ ወይም መግላማ ነገር ለምርመራ የወሰደ ሰው ፈንገስ አገኘሁ ቢል ውሸት አልተናገረም፤ ከሥር ያለውን ግን አላየም። ስለዚህ ሐኪሙ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ መውሰድ እፈልጋለሁ ቢልዎ፣ ይህም «ቢዮፕሲያ» ይባላል፣ አይደንግጡ። ቦታው ይደነዝዛል፣ የሚወሰደውም ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ውጤቱ የሚዘገይበትም ምክንያት አለ፤ «ሂስቶፕላዝማ» የሚባል የፈንገስ ዓይነት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሌሽማንያ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ባለሙያው በተለያየ ቀለም ነክሮ መለየት ይኖርበታል።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። ሌሽማንያ እንስሳም ፈንገስም አይደለም፤ ነገር ግን የሕዋሱ ሽፋን የተሠራበት ስብ ከፈንገሶች ስብ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በዚህ የተነሣ «አምፎቴሪሲን ቢ» የተባለው፣ ለከባድ የፈንገስ ሕመም የተሠራው መድኃኒት ሌሽማንያንም ይገድላል። መድኃኒቱ በደም ሥር፣ በሆስፒታል፣ የኩላሊት ጤና እየተጠበቀ የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ለተራ የአፍ ሽፋን አይታዘዝም።

የቆላው ሌሽማንያ ከዚህ የከፋ ነው፤ ካላዛር ይባላል። በሁመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች እንዲሁም በሱዳን ገዳሪፍ አውራጃ ይገኛል። ከህዳር 1984 እስከ ጥር 1985 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከመጡት ብዙዎቹ በዚያው በገዳሪፍ አካባቢ በሚገኙ ሰፈሮች ቆይተዋል። ካላዛር ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ መክሳትና የደም ማነስ ያስከትላል። ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያሳንስ በታማሚው አፍ ውስጥ ካንዲዳ ይበቅላል። ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ መንምኖ፣ አፉ የነጣን ሰው «አፉን ብቻ ነው የሚያመው» ብሎ ማስቀመጥ ለሞት መተው ነው፤ ካላዛር ካልታከመ ይገድላልና።

በጉሮሮ የሚያልፈው ትል

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ልብ እንዲሉልን ወደምንፈልገው እንመጣለን፤ ይህ ትናንት ለመጣውም፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለመጣውም እኩል የሚመለከት ነው።

ወስፋትን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ወስፋት በአንጀት ከመቀመጡ በፊት በጉሮሮ የሚያልፍ መሆኑን ነው። ከተዋጠው እንቁላል የወጣው እጭ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ከሳንባ በአየር ቧንቧ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ከዚያም ከምራቅ ጋር ተውጦ ወደ አንጀት ይመለሳል። ደረቅ ሳልና የጉሮሮ መብላት የሚሰማው በዚህ ጉዞ ጊዜ ነው። «ስትሮንጊሎይድስ» የሚባለው ትልም በዚሁ መንገድ ይጓዛል፤ እርሱ ግን የሚገባው በአፍ ሳይሆን፣ በባዶ እግር በእርጥብ መሬት ስንሄድ በቆዳ በኩል ነው። ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ በዐይን አይታይም።

ወስፋት ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ስትሮንጊሎይድስ ግን በሰውየው ሆድ ውስጥ እንደ ገና ራሱን ይተካል፤ እጮቹ ወደ ውጭ ሳይወጡ ተመልሰው ወደ ደም ይገባሉ። በዚህ ምክንያት ካልታከመ አሥርተ ዓመታትን በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖር ይችላል። በግንቦት 1991 (እ.ኤ.አ.) በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲመጡ በልጅነቱ የመጣ ሰው፣ ዛሬም ጥቂት ትል ተሸክሞ፣ ምንም ሳያመው፣ በአፉላ ፋብሪካ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ የመጡትም ከዚህ ውጭ አይደሉም።

አደጋው የሚነሣው ይህ ሰው በሌላ ሕመም ምክንያት ስቴሮይድ ሲታዘዝለት ነው። እንበልና ብርቱ አስም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም አድሮበት «ፕሬድኒዞን» የተባለውን እንክብል ለሳምንታት ይውሰድ። መድኃኒቱ የመከላከያ ኃይሉን ስለሚቀንስ በመጀመሪያ በአፉ ውስጥ ነጭ ሽፋን ይወጣል። ሚስቱ ታያለች፣ ነርሷ ታያለች፣ ሐኪሙም አይቶ ጠብታ ያዝዛል። ሁሉም ስለ ምላሱ ይጨነቃሉ። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው መድኃኒት ምክንያት፣ እስከ ዛሬ ጥቂት የነበሩት ትሎች ይባዛሉ፤ እጮቹ በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው በሳንባና በመላ ሰውነት ይሠራጫሉ፣ የአንጀትንም ባክቴሪያ ይዘው ወደ ደም ያስገባሉ። የሆድ ቁርጠት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት ይከተላሉ። በዚህ ደረጃ የተያዘ ሰው በአስቸኳይ ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ይሞታል።

ይህን አደጋ መከላከል ግን ቀላል ነው። ስቴሮይድ በእንክብል ወይም በመርፌ ከመጀመርዎ በፊት፣ እንዲሁም ለካንሰር ወይም ለአካል ንቅለ ተከላ የሚሰጡ የመከላከያ ኃይልን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ከመውሰድዎ በፊት፣ ለሐኪምዎ «የተወለድሁት በኢትዮጵያ ነው፤ የስትሮንጊሎይድስ ምርመራ ተደርጎልኝ ያውቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ምርመራው የደም ምርመራ ነው። የሰገራ ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ እጮቹ በየቀኑ ስለማይወጡ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው ይላል። ትሉ ከተገኘ «አይቨርመክቲን» በተባለ እንክብል በአጭር ጊዜ ይታከማል። አስሙ በርትቶ ትንፋሽ ያጣ ሰው ግን «መጀመሪያ ልመርመር» ብሎ ስቴሮይዱን እንቢ ማለት የለበትም፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሊያደርግ ይችላል፣ የተወለዱበትን አገር ካወቀ።

እንጥልና ግግ

አያቶቻችን የጉሮሮ ሕመም ሲጸናባቸው «እንጥሉ ወርዶአል» ይሉ ነበር፤ ልጅ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ደግሞ «ግግ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ያደርጉ የነበረው ሐኪም በሌለበት አገር ልጅ ለማዳን ከመጓጓት የተነሣ ስለ ሆነ ሊነቀፉ አይገባም። ዳሩ ግን እንጥል መቁረጥና ያልበቀለውን የውሻ ጥርስ ከድድ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት ደም መፍሰስንና መመረዝን ያመጣል፤ ቁስሉም ለፈንገስ መግቢያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ በብዙ ልጆች አፍ ውስጥ የውሻ ጥርስ እንደ ጎደለ፣ በአጠገቡም ያሉት ቋሚ ጥርሶች ጉዳት እንደ ደረሰባቸው አሳይቶአል። ልጅዎ በአገር ቤት ይህ ተደርጎለት ከሆነ ለጥርስ ሐኪሙ ያለ ኀፍረት ይንገሩት። ዳማከሴና ጤና አዳም በሻይ መጠጣት ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም፤ እነዚህንም የሚጠቀሙ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ አይደብቁ።

ስለ ደም ምርመራ

ምክንያቱ ያልታወቀ ነጭ ሽፋን ወይም ካላዛር ያለበትን ጎልማሳ ሐኪም የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ ይጠይቀዋል። ይህ ጥያቄ በኅብረተሰባችን ዘንድ ቁስል እንደሚነካ የታወቀ ነው። በጥር 1996 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ለብቻው ተለይቶ ሲጣል መኖሩ በተገለጠ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጥተው ነበር፤ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። በሐኪም ፊት የሚደረገው ምርመራ ግን የሚጠቅመው ራሱን ታማሚውን ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ያለ ፈቃድዎ እንዳይታከሙ፣ ምስጢርዎም እንዲጠበቅ ያዝዛል። ምርመራው ለምን እንደ ተፈለገ እንዲያስረዱዎ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ ዛሬ በመድኃኒት ረጅም ዕድሜ መኖር ይቻላል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

እ.ኤ.አ. ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የአገሩ ነዋሪ ከአራቱ «ቁፓት ሆሊም» በአንዱ ይመዘገባል። መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቤተሰብ ሐኪምዎ ነው፤ ወደ ጉሮሮ ሐኪም ወይም ወደ ተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የሚልክዎ እርሱ ነው። ለሆስፒታል ክሊኒክ «ቶፌስ 17» የተባለ የክፍያ ማረጋገጫ ከቁፓት ሆሊምዎ ማምጣት ስለሚያስፈልግ ከቀጠሮው አስቀድመው ይጠይቁ።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት ለታማሚዎች በሚገባቸው ቋንቋ አገልግሎት ማመቻቸት አለባቸው፤ ስለዚህ በስልክም ቢሆን የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። በሚኒስቴሩ የስልክ ቁጥር *5400 ደውለው መጠየቅም ይችላሉ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። ልጅ በአባቱ አፍ ስላለው ደም ወይም ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ መተርጐም አይችልም፤ አባትም በልጁ ፊት ሁሉን አይናገርም።

ለሐኪሙ የሚነግሩት ይህ ነው፦ የት ተወለዱ፣ በየትኞቹ ስፍራዎች ኖሩ፣ በቆላ እርሻ ሠርተው ወይም በሱዳን አልፈው ያውቃሉ ወይ፣ ምን ዓይነት ውኃ ይጠጡ ነበር፣ በባዶ እግር ይሄዱ ነበር ወይ፣ ባለፉት ወራት የወሰዱት መድኃኒት ሁሉ ምንድር ነው። የመድኃኒቶቹን ሳጥኖች በከረጢት ይዘው ይሂዱ። ለነጩ ሽፋን መድኃኒት ሲሰጥዎ ደግሞ «ከዚህ ሌላ የሚኖር ነገር ይኖር ይሆን?» ብለው ይጠይቁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለዎ፣ ወይም ሽፋኑ ጠፍቶ ደሙ፣ የድምፅ መጎርነኑ ወይም ትኩሳቱ ከቀረ፣ አዲስ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ተመልሰው ይሂዱ።

ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወይም ብዙ ደም የሚተፋ ሰው ሲያጋጥምዎ ግን የቤተሰብ ሐኪም አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን፣ ሰንበትም ቢሆን፣ በ101 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ፤ በአፉላ የድንገተኛ ሕክምና የሚሰጠው በዚያው በሃዔሜክ ሆስፒታል «ሚዩን» በሚባለው ክፍል ነው።